ስፓኒሽ ጀማሪ ነኝ፤ ባሕር ዳር ውስጥ አብሮኝ የሚያወራ ሰው ከየት ላግኝ?

የሐይቅ ዳሯ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ስፓኒሽ መማር እፈልጋለሁ። የምጀምረው ከዜሮ ነው። ምክንያቴን ካወቃችሁ ለመምከር ስለሚቀላችሁ ልንገራችሁ።

ከሁለት ወር በፊት ከስፔን አምስት እንግዶች መጥተው ነበር። አንዷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ዘጌ ሄደው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው በጀልባ ተመለሱ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብቻቸውን ከክፍላቸው ወርደው ፊቴ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሆዳቸውን ይዘው «ሜ ዱዌሌ፣ ሜ ዱዌሌ» ይላሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ደግሞ ከ«ኦላ» (ሰላም) እና ከ«ግራሲያስ» (አመሰግናለሁ) ሌላ አላውቅም። የስልኬ መተርጎሚያ ያለ ኔትወርክ አልሠራ አለ። ሕመሙ ከመቼ እንደጀመራቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት ይኑር አይኑር፣ ምንም መጠየቅ አልቻልኩም። አብሯቸው የመጣ ሰው ቀስቅሼ እስኪወርድ ድረስ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ደግነቱ በማግሥቱ ተሻላቸው። ሲሰናበቱኝ ግንባሬን ስመው የሆነ ነገር አሉኝ። «ዲዮስ» የምትል ቃል ሰምቻለሁ፣ መጨረሻው «ፓጌ» ነገር ነው። እሱም አልገባኝም። እስካሁን ይከነክነኛል።

በምን ልጀምር? ከማንስ ጋር ላውራ? የፈረንሳይኛና የአረብኛ አስተማሪ ጠይቄ አግኝቻለሁ፣ የስፓኒሽ ግን አጣሁ።

ፖሊ ግቢ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:50

ዱኦሊንጎ አውርጂ እህቴ። ነጻ ነው። በአማርኛ በኩል የለም፣ በእንግሊዝኛ በኩል ነው የሚያስተምረው። እኔ ሳላቋርጥ 140 ቀን ሄጃለሁ። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል።

ዝም ብሎ ሰሚ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4:20

ፖሊ ግቢ፣ በ140 ቀን ውስጥ ከሰው ጋር አውርተሃል? የምጠይቅህ ከልቤ ነው። እኔም በዚያ ጀምሬ ቃላት ሰበሰብኩ። አንድ ሰው «ስምህ ማን ነው» ሲለኝ ግን ዝም አልኩ። ቃል ለመልቀም ጥሩ ነው፣ አፍ አያስከፍትም።

እኔን የጠቀመኝ ላንጉጅ ትራንስፈር ነው። 90 የድምፅ ትምህርት አለው፣ ሁሉም በነጻ። አንድ አስተማሪና አንድ ተማሪ ሲነጋገሩ ትሰሚያለሽ። አስተማሪው ሲጠይቅ ድምፁን አቁመሽ አንቺ ትመልሻለሽ፣ ጮክ ብለሽ። ብዙ ሰው ጮክ የሚለውን ይዘልና «አልሠራልኝም» ይላል። ሁለተኛው ዩቲዩብ ላይ ያለው ድሪሚንግ ስፓኒሽ ነው። የመጀመሪያ ደረጃዎቹ ላይ እየሳሉ፣ በእጃቸው እያሳዩ በስፓኒሽ ብቻ ያወሩሻል። ሕፃን ሳለን አማርኛ እንደሰማነው ማለት ነው።

ዋይፋይ ስታገኚ ደግሞ ሁሉንም አውርጂው። በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ትምህርቴን ያስቀጠለልኝ ስልኬ ላይ የነበረው ድምፅ ብቻ ነው።

የሐይቅ ዳሯ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ተባረክ። ማታ ሦስቱን ሰማሁ። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተብራርቶ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛዬ የሥራ እንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን፣ ከዚያ ስፓኒሹን እያሰብኩ ሁለት ድካም ሆነብኝ።

ላልቶና ጠብቆ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05

እህቴ፣ እኔ ቋንቋ አስተምራለሁ፣ ፔዳ አካባቢ ነው የምኖረው። ይህቺን የመጨረሻ መልእክትሽን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እንግሊዝኛውን መሃል አታስገቢው። ስፓኒሽ በብዙ ቦታ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል።

እኒያ እናት ካሉሽ እንጀምር። «ሜ ዱዌሌ» ማለት «ያመኛል» ነው። «ያመኛል» ብለሽ ስትናገሪ የሚያምሽ ነገር አድራጊ ነው፣ አንቺ ተደራጊ ነሽ። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ናት በስፓኒሽ «ሜ» የምትባለው። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ራሴን ያመኛል። «ቴ ዱዌሌ» ያምሻል። «ሌ ዱዌሌ» ያመዋል፣ ያማታል፣ ያምዎታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለመልመድ ይቸገራል። አንቺ ግን ከእናትሽ ጡት ጋር የጠጣሽው ሰዋስው ነው። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ»ም እንዲሁ ነው፣ ቡና ደስ ይለኛል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «እኔ» የለም። «ደስ ይለኛል» ውስጥስ «እኔ» አለ?

ቀጥሎ እርስዎታ። ስፓኒሽ ለቅርብ ሰው «ቱ» አለው፣ ለማክበር ደግሞ «ኡስቴድ»። «ኡስቴድ» የሚሄደው ስለ ሦስተኛ ሰው በሚነገርበት ግሥ ነው። የእኛ «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እሳቸው ይመጣሉ» አንድ ግሥ እንደሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ለእኒያ እናት ማለት የነበረብሽ «ኬ ሌ ዱዌሌ?» ነው፣ ምንዎን ያምዎታል? ሦስት ቃል ናት። ዛሬውኑ ያዢያት።

«እናገራለሁ» በእኛ አንድ ቃል ነው። በእነሱም «አብሎ» አንድ ቃል ነው። ማን እንደተናገረ ግሡ ራሱ ይነግርሻል።

ድምፁ ደግሞ ስጦታ ነው። ሌላው ዓለም የሚታገልበት «ኝ» የእኛ ፊደል ነው፦ ኤስፓኛ፣ ማኛና (ነገ)። «ፔሮ» ላልቶ ሲነበብ «ግን» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ውሻ»። ይህ የእኛው «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ነው። «አበባ» በይ እስቲ፣ ቶሎ ብለሽ። የመጀመሪያዋ «በ» ላይ ከንፈሮችሽ በደንብ ሳይገጥሙ ያልፋሉ። የስፓኒሽ «ብ» በሁለት አናባቢ መሃል ልክ እንደዚህ ነው።

ገበያ ብትወርጂ ደግሞ «አሴይቴ» ዘይት ነው፣ «አሱካር» ስኳር፣ «አሮስ» ሩዝ፣ «ሊሞን» ሎሚ፣ «ታሪፋ» ታሪፍ። አረቦች ስፔንን ለዘመናት ስለገዙ እነዚህን ቃላት እዚያ ትተው ሄደዋል። በእኛም በኩል ቃሎቹ የዚያው ዘር ናቸው። የአንዳንዶቹ መነሻ ላይ ያለችው «አ» የአረብኛዋ «አል» ቅሪት ናት።

የሚከብድሽን አልደብቅሽም። ዕቃ ሁሉ ጾታ አለው። ጠረጴዛ ሴት ናት፣ «ላ ሜሳ»። መጽሐፍ ወንድ ነው፣ «ኤል ሊብሮ»። ቃሉን ብቻውን አትያዢ፣ ከነ«ላ» እና ከነ«ኤል» ያዢው። ግሡም እንደ እኛ መጨረሻ ላይ አይቆይም፣ መሃል ይገባል።

የሐይቅ ዳሯ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

«ያመኛል» ነበር ያሉኝ። ያንን ሁሉ ሌሊት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «ኬ ሌ ዱዌሌ»ን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼም እየያዙት ነው።

የጎርጎራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:10

እኔ ጎርጎራ በኩል እንግዳ አስጎበኛለሁ። ከስፔን የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ስም ይጠይቀኛል፣ ፔድሮ ፓኤስ። ታሪኩን ማወቅሽ ወሬ ለመጀመር ይጠቅምሻል።

ፓኤስ እ.ኤ.አ. በ1564 ማድሪድ አጠገብ በምትገኝ መንደር የተወለደ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በ1589 ባሕር ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ለዓመታት ታሰረ። አገራችን የገባው በ1603 ነው። አማርኛና ግዕዝ ተማረ። በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን አየ፣ ያየውንም ጻፈ። በ1622 እዚሁ ጎርጎራ አረፈ። በሃይማኖቱ በኩል ተከትሎ የመጣው ነገር አገራችንን ብዙ ደም አስከፍሏል። እሱን ለእንግዳ ስናገር አልሸፋፍነውም። ግን አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። መዝገበ ቃላት በሌለበት፣ ድምፅ መቅጃ በሌለበት ዘመን አማርኛን ከሰው አፍ ነው የለቀመው።

ለሥራሽ የሚሆኑ ጥቂት ልጨምርልሽ፦ ላጎ (ሐይቅ)፣ ኢስላ (ደሴት)፣ ላንቻ (የሞተር ጀልባ)፣ ሞናስቴሪዮ (ገዳም)፣ ኢፖፖታሞ (ጉማሬ)፣ ኒሎ አሱል (ዓባይ)። ዓሣ ሁለት ስም አለው። ውሃ ውስጥ ሲዋኝ «ፔስ» ነው፣ ተይዞ ሲወጣ «ፔስካዶ»። የተጠበሰ ቆሮሶ ስታቀርቢ «ፔስ» ካልሽ ገና ይዋኛል ማለት ነው።

ቫሌንሲያ ነኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

የዳግማዊ ምኒልክ ክፍለ ከተማ ልጅ ነኝ፣ ስፔን ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ። «ከማን ጋር ላውራ» ላልሽው መልስ ያለኝ ይመስለኛል።

ስፔን ከኢትዮጵያ ብዙ ሕፃናትን በጉዲፈቻ ከወሰዱ አገሮች አንዷ ናት። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪቆም ድረስ ብዙ ልጆች መጥተዋል። ዛሬ ወጣት ሆነዋል። ስማቸው አንዳንዴ የእኛ ነው፣ መልካቸው የእኛ ነው፣ አማርኛው ግን ጠፍቶባቸዋል። ሊማሩ የሚፈልጉ አሉ። የሚያስተምራቸው ሰው እንደ ልብ አይገኝም። አንቺ የስፓኒሽ ተናጋሪ ትፈልጊያለሽ፣ እነሱ የአማርኛ ተናጋሪ ይፈልጋሉ። ባዶ እጅሽን አይደለሽም። በአፍሽ ያለው አማርኛ እዚህ በመብራት የሚፈለግ ነገር ነው።

አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ 21 ዓመቷ። እጠይቃትና በውስጥ መስመር አገናኛችኋለሁ።

አሠራሩን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይበላሻል። ለ30 ደቂቃ በስፓኒሽ ብቻ፣ ለ30 ደቂቃ በአማርኛ ብቻ። የስልካችሁን ማንቂያ ሙሉ። ካልሞላችሁ የተሻለ የምትናገረዋ ቋንቋዋን ይዛ ትቀራለች። ርእሱን ከአንድ ቀን በፊት ተስማሙ፦ ምሳ፣ እናት፣ ሥራ። እየተናገርሽ በየቃሉ አታርምሽ፣ ማረሚያው መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ይሁን። ሰዓት ስትቀጣጠሩ ደግሞ ስፔን በክረምቷ ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋዋ 1 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነች አስቢ። እኔ በዚህ የተነሣ እናቴን ስንት ጊዜ ከእንቅልፏ ቀስቅሻታለሁ።

ቁም ነገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

እንደ ታንደምና ሄሎቶክ ያሉትንም መሞከር ትችያለሽ፣ ለዚሁ ለቋንቋ ልውውጥ የተሠሩ ናቸው። ግን እህቴ ተጠንቀቂ። ቋንቋ ሳይሆን ሌላ ነገር የሚፈልግ አይጠፋም። ስልክሽን ቶሎ አትስጪ፣ የምትሠሪበትን ሆቴል ስም አትናገሪ፣ ገንዘብ ያነሣ ሰው ካለ ያኔውኑ ዝጊው። ቫሌንሲያ እንዳለችው በሚታወቅ ሰው በኩል መገናኘት ይሻላል።

የደሴቷ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

ልጄ ሆይ፣ ይህን ገጽ የልጅ ልጄ ናት ያሳየችኝ። ጽሑፉንም እኔ እየነገርኳት እሷ ናት የምትጽፈው።

እኔ ስፓኒሽ እችላለሁ። የምኖረው ሽምብጥ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። በ1971 ዓ.ም. ስሄድ 13 ዓመቴ ነበር። የወሰዱን ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ነው፣ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ እንማራለን፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ እንሠራለን።

ክፍል ውስጥ ሦስት ወር አፌን አልከፈትኩም። እሳሳታለሁ ብዬ ፈራሁ። አፌን ያስከፈተኝ እርሻው ነው። አንዲት ሠራተኛ ነበረች፣ ከጎኔ እየሄደች የምታየውን ሁሉ በስሙ ትጠራልኛለች። «ቶሮንሃ» ስትል ፍሬውን እጄ ላይ ታስቀምጣለች። «ሎዶ» ስትል ጭቃውን በእግሯ ትመታለች። «ሶምብራ» ስትል ጥላው ውስጥ ታስቀምጠኛለች። እኔ ተከትዬ እላለሁ። ስሳሳት አትስቅም፣ ደግማ ትለዋለች። ዛሬም «ሶምብራ» ስል ያ ጥላ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ልጄ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አንማርም። ሐይቁ ዳር እየሄድን ነው የምናወራው።

አሁን እኒያ እናት ስላሉሽ ነገር። እኔ እንደሚመስለኝ «ኬ ዲዮስ ቴ ሎ ፓጌ» ነው ያሉሽ። እግዚአብሔር ይክፈልሽ ማለት ነው። እኛ «እግዜር ይስጥልኝ» የምንለው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከ«ግራሲያስ» ይበልጣል። ሰው ራሱ መክፈል የማይችለውን ውለታ ሲቀበል የሚለው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ነኝ። ክፍያ የለም። ብቻ ሁላችሁም በሳምንቱ ያጋጠማችሁን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፣ ያቺን ነው በስፓኒሽ የምንናገረው። ደብተር ለመጀመሪያው ወር ቤት ይቅር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኔ የኩባ ስፓኒሽ ነው። ኩባዎች በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። አውቶቡስን «ጓጓ» ይሉታል። ፓፓያ ደግሞ ኩባ ውስጥ ነውር ቃል ስለሆነ «ፍሩታ ቦምባ» ነው የሚባለው። ከኩባ የመጣ እንግዳ ካጋጠመሽ ቁርስ ላይ ይህን አስታውሺ።

ፖሊ ግቢ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:20

ጋሼ ያክብርልኝ። ግን ለእሷ ሥራ የስፔን አነጋገር አይሻልም? ምላስን ጥርስ መሃል አድርገው የሚሉት ድምፅ አለ አይደል?

ቫሌንሲያ ነኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:45

አለ፣ «ግራሲያስ» ውስጥ ያለችው «ሲ» እንደዚያ ናት። ግን በላቲን አሜሪካ በሙሉ «ስ» ብለው ነው የሚናገሩት፣ እዚህም ደቡብ ስፔን ውስጥ እንደዚያ የሚሉ አሉ። በዚህ ምክንያት ያልገባው ሰው አይቼ አላውቅም። በአካል ፊቷ ቆሞ የሚያወራት ሰው አግኝታ አነጋገር አትምረጥ። ጎጃሜና ወሎዬ አይግባቡም ወይ?

ድባንቄ 17
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

እኔም መምጣት እችላለሁ? 11ኛ ክፍል ነኝ። ስፓኒሽ የማውቀው ከላሊጋ ብቻ ነው። «ፖርቴሮ» በረኛ፣ «ዴላንቴሮ» አጥቂ። «ሬያል» ንጉሣዊ ማለት እንደሆነም አውቃለሁ።

የደሴቷ ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ና ልጄ። ሦስት ቃል ይዘህ ነው የምትመጣው፣ እኔ አንድም አልነበረኝም።

የሐይቅ ዳሯ
ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 3:00

እንዴት ናችሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ላይ አምስት ሆነናል። የመጀመሪያው ቀን ድምፄ አልወጣም። ጋሼ ግን አላስጨነቁኝም፣ ዋርካ ሥር ቆመው «ሶምብራ» አሉ። እኔም «ሶምብራ» አልኩ። በዚያ ጀመርን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የወደቀ የቁርስ ትሪ ታሪክ ተናገርኩ፣ አራት ዓረፍተ ነገር። ግሦቼ ሁሉ የዛሬ ጊዜ ነበሩ፣ ያለፈውን ገና አልያዝኩም።

ቫሌንሲያ ካገናኘችኝ ልጅ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ነው የምናወራው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ከአማርኛ የቀራት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ «እሹሩሩ»። ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ጠየቀችኝ። በስፓኒሽ ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። እናት፣ ሕፃን፣ ጀርባ፣ እንቅልፍ፣ ዘፈን። ያን ያህል ስፓኒሽ በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ሲገባት ዝም አለች። ከዚያ እነሱ «ናና» እንደሚሉት ነገረችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሹሩሩን ከነዜማዋ አስተማርኳት።

ማታ ማታ አሁንም የድምፅ ትምህርቱን እሰማለሁ፣ 41ኛው ላይ ነኝ። ዱኦሊንጎንም አልተውኩም፣ ታክሲ ውስጥ ለቃላት ይሆነኛል። ሰዋስው ሲጠፋብኝ ግን መጀመሪያ «ይህንን በአማርኛ እንዴት እለዋለሁ» ነው የምለው። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ጋሼ፣ ትናንት ከሜክሲኮ እንግዳ መጣ። ማታ ብቻዬን ይህን ጻፍኩ፣ ይመልከቱልኝ፦ «ሆይ ሶይ ኮንቴንታ። ሶይ ኤን ኤል ኦቴል። ቴንጎ ኡን ክሊዬንቴ ዴ ሜሂኮ።» ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ሆቴል ነኝ፣ ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ አለኝ ለማለት ነው።

የደሴቷ ተማሪ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:35

ጎበዝ ልጄ። «ሆይ» ሳይሆን «ኦይ» ነው፣ በኦቴል ላይ እንደዋጥሻት እዚያም ዋጫት። «ሶይ» ማንነትሽን ነው የሚናገረው። ያለሽበት ስሜትና ያለሽበት ቦታ ሲሆን ግን ሁለቱም ላይ «ኤስቶይ» በይ፦ ኦይ ኤስቶይ ኮንቴንታ፣ ኤስቶይ ኤን ኤል ኦቴል። ሦስተኛው ልክ ነው።

ቅዳሜ ጃንጥላ ያዢ፣ ዝናቡ ገብቷል። «ፓራጓስ» ይባላል።